«ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ»

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አባቱ 80 አልፏቸዋል። አዲስ አበባ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው ለአራቱ ልጆቻቸው ማካፈል፣ ለራሳቸውም ትንሽ ቤት መግዛት ይፈልጋሉ። ልጆቹ «ኑዛዜም ይጻፍ» ሲሏቸው «ማን ምን እንደሚወስድ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ» ብለው ዘጉት። «ቲቸር፣ ይሄ አይበቃም?» አለኝ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፣ ታሪክ ነው የማስተምረው። ግን ጥያቄው የታሪክም ጥያቄ ነው።

በአባታቸው ዘመን ቢሆን ይበቃ ነበር። ሽማግሌ ሲታመም የንስሐ አባቱንና ጎረቤቱን ይጠራል፣ «ይሄ ለእገሌ፣ ያ ለእገሊት» ይላል፣ አለቀ። ርስትማ የዘር ስለሆነ እንደ በግ ገበያ አውጥተው የሚሸጡት ነገር አልነበረም።

ከዚያ 1952 ዓ.ም. መጣ። ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚያ ዓመት ታወጀ፣ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ዋለ። የቃል ኑዛዜን ጨርሶ አላጠፋውም፣ ግን አሳነሰው። በቃል ስለ ቀብርህ ማዘዝ፣ ላልደረሱ ልጆችህ አሳዳጊ መሰየም፣ ለአንድ ሰው ከ500 ብር ያልበለጠ ነገር መስጠት ትችላለህ። 500 ብር! ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ቃሉ ይፈርሳል። ቤት በቃል አይተላለፍም ማለት ነው። የጽሑፍ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ አለዚያ ተናዛዡ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ ይጽፈዋል። በእጅ የተጻፈው ደግሞ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ውልና ማስረጃ ካልተቀመጠ ዋጋ የለውም። በየሳጥኑ ስንት እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ታዲያ አዛውንቱ ወረቀት ለምን ጠሉ? ልጁን ስጠይቀው አያቱ ሁለት የሚከራዩ ቤቶች ነበሯቸው፣ ካርታውም እጃቸው ላይ ነበር አለኝ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፣ ትርፍ ቤትም ተወረሰ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። የሽምግልና ጡረታቸው የነበረ ኪራይ በአንድ ቀን ቆመ። ካርታ ሳያድን ያየ ሰው ወረቀት ባያምን እኔ አልፈርድበትም።

ግን ዛሬ የሚጎዳቸው ወረቀት አለመኖሩ ነው። እናትየው ከስድስት ዓመት በፊት አርፈዋል። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተሠራ የጋራ ሀብት ስለሆነ ግማሹ የእሳቸው ነበር፣ እሳቸውም ኑዛዜ አልተዉም። ስለዚህ ልጆቹ የእናታቸው ወራሾች ናቸው፣ አባትየው ብቻቸውን ሙሉውን መሸጥ አይችሉም። ኑዛዜ ቢጽፉም የሚናዘዙት በራሳቸው ድርሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት መውጣት አለበት።

ሌላው ደላላው ነው። «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርገው፣ ግብር ይቀንሳል» ብሏቸዋል። እውነት ነው፣ የስም ማዛወሪያው ቴምብር 2 በመቶ ነው፤ የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅም ከማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 15 በመቶ ጥሏል። ግን ነገ ውሉ ቢፈርስ ወይም ገዢው ቀሪውን አልከፍልም ቢል፣ የ80 ዓመት ሰው ፍርድ ቤት ቆመው የሚያሳዩት ያንኑ የተጻፈውን ትንሽ ቁጥር ነው። የተቆጠበው ግብር ያንን አይመልስም። ደግሞም ማጭበርበር ነው፣ እንዳትሞክሩት።

ልጁ ትናንት መልሶ ደወለ። 500 ብሯን ሲነግራቸው አባቱ ስቀው «እንግዲህ አባን ለምስክርነት ልውሰዳቸዋ» አሉ አሉ። ሐሙስ ከሦስት ምስክሮች ጋር አባም አብረው ይሄዳሉ።