የመስተጋብር ርቀት፦ በኪሎ ሜትር የማይለካው የትምህርት ርቀት

የርቀት ትምህርት ሲባል ብዙ ኢትዮጵያዊ ትዝ የሚለው ሞጁል፣ አሳይመንትና ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ ቱቶሪያል ነው። ተማሪው ደሴ፣ ኮሌጁ አዲስ አበባ። ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት ከገባ በኋላም ስለ ርቀት ያለው አስተሳሰብ እምብዛም አልተለወጠም፤ ችግሩ ቦታ፣ መድኃኒቱ ኔትወርክ ተደርጎ ይታያል። ኔትወርኩ ተስተካክሎ፣ ቪዲዮውም ሳይቆራረጥ እየታየ፣ ተማሪው በሦስተኛው ሳምንት ድምፁ ሲጠፋ ግን ምን እንደተፈጠረ የሚነግር ቃል ያጥራል።

ለዚህ የሚሆን ቃል በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ አለ፤ ትራንዛክሽናል ዲስታንስ ይባላል። ያወጣው ማይክል ሙር ነው። ሙር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኬንያ በጎልማሶች ትምህርት ላይ ሠርቷል። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ምርምሩን አካሄደ፤ በኋላም በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። ከራዲዮና በፖስታ ከሚላክ ትምህርት የተነሣው ሐሳቡ ዛሬ በኦንላይን ኮርስ ዝግጅት ላይ በሰፊው ይጠቀሳል።

ወደ አማርኛ ሲመለስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ትራንዛክሽን እኛ አገር የባንክ ቃል ሆኗል፤ “የግብይት ርቀት” ቢባል አንባቢው ገንዘብ ማስተላለፍ ይመስለዋል። ሙር ግን ቃሉን የወሰደው ከፈላስፋው ጆን ዱዊ ነው። ዱዊ ከአርተር ቤንትሊ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ትራንዛክሽን ማለት ሰውና አካባቢው አንዱ ሌላውን እየለወጠ የሚኖርበት ግንኙነት ነው። ለዚህ የሚቀርበው የአማርኛ ቃል “መስተጋብር” ስለሆነ “የመስተጋብር ርቀት” ማለት ይሻላል። ትርጉሙም በመምህሩና በተማሪው መካከል የሚፈጠር የመግባባት ክፍተት ነው፤ መምህሩ ያለው ሌላ፣ ተማሪው የያዘው ሌላ ሲሆን፣ ልዩነቱንም የሚያይ ሳይኖር ሲቀር የሚሰፋው ክፍተት።

ይህ ርቀት ከቦታ ርቀት የተለየ ለመሆኑ ከኢትዮጵያ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት ያየ ሰው ያስታውሰዋል። ተማሪው ከስክሪኑ ጥቂት ሜትር ርቆ ተቀምጧል። በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው ሰው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለመልስ የተመደበችው አጭር ጊዜ ታልፋለች፣ መልሱ ይነገራል፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። የተመለሰለትም ያልተመለሰለትም እኩል ይታለፋሉ። ስርጭቱ በሳተላይት ለመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ “ቆይ” ማለት አይቻልም፤ በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር የነበረው ድርሻም ከስርጭቱ በፊትና በኋላ የሚተርፉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። በሜትር ሲለካ ቅርብ፣ በመስተጋብር ሲለካ እጅግ ሩቅ። በአንጻሩ በሞጁል የሚማር ተማሪ የላከው አሳይመንት በመምህሩ እጅ ተጽፎበት፣ የሳተው ነጥብ ተብራርቶ ከተመለሰለት፣ መቶ ኪሎ ሜትሮች ቢለዩአቸውም ክፍተቱ ጠባብ ነው።

ሙር ርቀቱን የሚያሰፉና የሚያጠቡ ሦስት ነገሮችን ለይቷል፤ ውይይት፣ የኮርሱ አወቃቀርና ተማሪው ራሱን የመምራት አቅም። ከሦስቱ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው ውይይት ነው፤ በኦንላይን ኮርሶች ላይ ከሁሉ በፊት የሚዘነጋውም እሱ ስለሆነ።

ውይይት ማለት የቻት ሳጥን መክፈት አይደለም። አንድ የስታቲስቲክስ መምህር “ሚዲያን ምንድን ነው?” ብሎ በመወያያ ገጹ ላይ ቢለጥፍ አርባ ተማሪ አርባ ጊዜ ከጉግል ይገለብጣል፤ የሚያወያይ ነገር የለማ። ይኸው መምህር ጥያቄውን እንዲህ ቢያደርገውስ? በአንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው በወር 10,000 ብር፣ ሥራ አስኪያጁ 200,000 ብር ያገኛሉ። አማካዩ 29,000 ብር ነው፤ ሚዲያኑ፣ ማለትም ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው፣ 10,000 ብር። እናንተ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብትሆኑ የትኛውን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ድርድር ትገባላችሁ? የሥራ አስኪያጁ ጠበቃ ብትሆኑስ? እዚህ ላይ ተማሪዎች ይከራከራሉ። ሲከራከሩ ደግሞ ማን ምን እንዳልገባው ለመምህሩ ይታየዋል። ክፍተቱን ማየት የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው፤ የፊት ገጽታ በማይታይበት ትምህርት ሌላ መስኮት የለም።

የምላሹም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። “ጥሩ ሙከራ፣ 7/10” የሚል መልስ ተማሪውን የትም አያደርሰውም። “የአማካዩ ስሌትህ ትክክል ነው፤ ለሚዲያኑ ግን ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ሳትደረድር መሐለኛውን ወስደሃል፤ ደርድረህ መልሰህ ላክልኝ” የሚል መልስ ተጨማሪ ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ግን ሥራውን የተመለከተ ሰው እንዳለ ይነግረዋል።

ስለ አወቃቀር ምርምሩ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ ላይ ቪዲዮዎች የታዩባቸውን 6.9 ሚሊዮን አጋጣሚዎች መርምረው ነበር። የቪዲዮው ርዝመት ምንም ያህል ይሁን፣ ተማሪዎች እያዩ የሚቆዩበት ጊዜ ሚዲያን ቢበዛ ስድስት ደቂቃ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ይልቅ አስገራሚው ሌላው ግኝት ነው፤ መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ካሜራውን እያየ ያስተማረባቸው ቪዲዮዎች ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው በስቱዲዮ ከተቀረጹት ይልቅ ተመልካች ይዘዋል። ስቱዲዮ ስለሌላቸው ለሚሰጉ መምህራን ይህ ትልቅ ዜና ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ካርል ስፑናርና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፣ በአጫጭር ክፍሎች በተከፈለ የቪዲዮ ትምህርት መሐል ጥቂት ጥያቄ የቀረበላቸው ተማሪዎች ሐሳባቸው የሚባዝነው ጥያቄ ካልቀረበላቸው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ታይቷል፤ ማስታወሻም በብዛት ይዘዋል፣ ለመጨረሻው ፈተና የነበራቸው ጭንቀትም ቀንሷል። ለማርክ ያልሆነች አጭር ጥያቄ ይህን ያህል ትሠራለች።

ሆኖም አወቃቀር ሲጠብቅ ውይይትን ሊያንቅ ይችላል፤ ፕላዝማው ያሳየው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ደቂቃ አስቀድሞ የተቆረጠበት ኮርስ የተማሪን ጥያቄ የሚያስገባበት ቀዳዳ የለውም። ልቅ ሲሆን ደግሞ ጀማሪው የት እንደሚሄድ ይጠፋዋል። ልኩን የሚወስነው ሦስተኛው ነገር፣ የተማሪው ራስን የመምራት አቅም ነው። አሥር ዓመት በሒሳብ ሥራ የቆየ ሰው አዲስ የታክስ ደንብ ለመማር ጥሩ ጽሑፍና የመለማመጃ ጥያቄ ይበቃዋል፤ ሰፊ ርቀት አይጎዳውም፣ እንዲያውም ብዙ ስብሰባ ያሰለቸዋል። ከ12ኛ ክፍል የመጣው ጀማሪ ግን ያው ኮርስ ሲሰጠው ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን በነጻ በከፈተው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርስ ወደ 160,000 ሰው ተመዝግቦ የጨረሰው ከ20,000 ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ለማየት ብቻ የተመዘገበው ብዙ እንደሆነ አይካድም፤ ግን ራሱን መምራት የሚችለውን ብቻ የሚያስቀር ወንፊት መሆኑም ይታያል።

ጽንሰ ሐሳቡ ተቺዎችም አሉት። ፖል ጎርስኪና አቭነር ካስፒ የተባሉ የእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እንደተከራከሩት፣ “ውይይት ሲበዛ የመግባባት ክፍተት ይጠባል” ማለት ያንኑ ነገር በሌላ ቃል መድገም ነው፤ ርቀቱንም በቁጥር ለመለካት ያስቸግራል። ክርክሩ ጠንካራ ነው። እንደ ሳይንሳዊ ሕግ ይፈተን ከተባለ ሐሳቡ ሊወድቅ ይችላል። ኮርስ ለሚያዘጋጅ መምህር ግን “ቪዲዮው ተጫነ ወይ?” ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያሳየዋል።

ያ ጥያቄ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ጎድሎ ነበር። በቴሌግራም ፒዲኤፍና ስላይድ መላክ ማስተማር ተደርጎ የተቆጠረበት ጊዜ ነው። ቴሌግራሙ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ከዙም ያነሰ ዳታ ስለሚበላ በሞባይል ለሚማር ሰው ይመቻል። የጎደለው የመልሱ ጉዞ ነበር። መልስ ደግሞ የመምህር ሰዓት ይፈልጋል፤ ለ200 ተማሪዎች በሳምንት ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ ከ16 ሰዓት በላይ ይሆናል። ስለዚህ ተማሪዎቹን በአሥር በአሥር ከፍሎ በቡድን አንድ መልስ መቀበል፣ በብዛት የተሳቱትን ሦስት ነጥቦች መርጦ በሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ማብራራት፣ ለየብቻ መጻፍን ደግሞ ሁለት ሳምንት ድምፃቸው ለጠፋ ተማሪዎች ማቆየት ይቻላል። ሃያ የቡድን መልስ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚነበብ ነው።