ደመወዝ የሌለው ብዕርና የጥርጣሬው ታሪክ



«ለመሆኑ እኔ ማን ነኝና ነው የምጽፈው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጽሑፍ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀርቷል። ጠያቂው ግን ጥርጣሬውን የችሎታ ማነስ አድርጎ ይቈጥረዋል እንጂ ከወዴት እንደ መጣ አይመረምርም።

በአገራችን ጽሕፈት ለብዙ ዘመን ባለቤት ነበረው። ጸሐፊው በደብር ወይም በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ሆኖ፣ ጻፍ ሲባል ይጽፍ ነበር። በኋላም ስመ ጥር ደራስያን ከሆኑት ብዙዎቹ በመንግሥት ሥራ የኖሩ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ሠርተዋል፤ ከበደ ሚካኤልም የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። እንግዲህ ያለ አሠሪና ያለ ደመወዝ የሚጽፍ ሰው «ጻፍ» የሚለው ስለሌለ ራሱን ቢጠራጠር አያስደንቅም። ጥርጣሬው የመጣው ከብቸኝነት ነው፤ ከመክሊት ማጣት አይደለም።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ሲያሳትሙ በአማርኛ ከእርሳቸው በፊት እንዲህ ያለ ልብ ወለድ የጻፈ አልነበረም። አንባቢዎቻቸውም ከባሕር ማዶ ነበሩ። የሚከተሉት አርአያ ባይኖርም ጻፉ፤ ዛሬ ይህን የድርሰት ዓይነት «ልብ ወለድ» ብለን የምንጠራው ከዚያ መጽሐፍ ርእስ ወስደን ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለነገራችን የሚቀርቡት ግን አቤ ጉበኛ ናቸው። በጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉት እኚህ ደራሲ የመንግሥት ሥራቸውን ትተው በብዕራቸው ብቻ ለመኖር ቈረጡ። በዚያ ጊዜ ይህ እንደ ድፍረት የሚታይ ነገር ነበር። በ1955 ዓ.ም. የወጣው «አልወለድም» በማሕፀን ያለ ፅንስ ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ ሲከራከር ያሳያል። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም ወደ ጎሬ ተጋዙ። ቢሆንም የታገደው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ፤ እርሳቸውም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚተርከውን «አንድ ለናቱ»ን ጨምሮ ብዙ ድርሰት ጻፉ። በ1972 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ደራሲ ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው ብዕር እንጀራ ያበላል የሚለውን አይደለም፤ አቤ ዋጋውን በሕይወታቸው ከፍለዋል። ትምህርቱ ሌላ ነው። ጥርጣሬ እስኪጠፋ ቢጠብቁ ኖሮ አንድም መጽሐፍ ባልወጣ ነበር። ደራሲነት የሚሰጠው ሹመት ስላልሆነ የሚገኘው ከሥራው በኋላ ነው፤ ሥራውም አንባቢን ያፈራል፤ አንባቢም የጸሐፊውን ብቸኝነት ያቃልላል።

እኛ የምንኖርባት ሐርጌሳም ምስክር ናት። በ1980 ዓ.ም. ከተማዋ በአየር ስትደበደብ የሬዲዮ ሐርጌሳ የዘፈንና የግጥም ቅጂዎች እንዳይጠፉ ሲባል መሬት ተቈፍሮ ተቀብረው ነበር። ሕዝቧ ድንበር ተሻግሮ በአገራችን በሐርተሼክ ተጠለለ። ዛሬ በከተማዋ የባህል ማእከል ብዙ ሺህ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ቀባሪዎቹ «ይህ ዋጋ ይኖረው ይሆን?» ብለው ቢያመነቱ ኖሮ ምን ይተርፍ ነበር?

የሰፈራችን ስም ጋአን ሊባህ በሶማልኛ የአንበሳ እጅ ማለት ነው። የእኛ እጅ ግን የአንበሳ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይጽፋል። ያየነውን እኛ ካልጻፍነው በእኛ ፈንታ የሚጽፈው ያላየው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ገጽ ጻፉ፤ ለአንድ ጎረቤት አንብቡለት፤ ያልገባውን አርሙና ለዚህች መጽሔት አምጡ። የሚቀጥለው እትም ባዶ ገጽ አለው።