ስለ ሱፍ ታሪክና ስለ ስሙ መወሰድ

ሱፍ በጾመኛ ቤት የቅቤንና የወተትን ስፍራ ይዞ የኖረ እህል ነው። ሰባቱን አጽዋማት የሚጠብቅ ሰው ከዓመቱ እኩሌታ ያህሉን ከጥሉላት ተከልክሎ ያሳልፋልና። በወልድያና በመርሳ አገር ባለቤቲቱ ፍሬውን በፈላ ውኃ ታለሰልሳለች፤ በቀዘቀዘም ጊዜ ወቅጣ በውኃ ትበጠብጠዋለች፤ ባጠለለችውም ጊዜ እንደ ወተት የነጣ ይወርዳል፤ ገለባው በማጥለያው ላይ ይቀራል። ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምራ እንጀራ ትፈተፍትበታለች። ሌላው ዓለም ዘይቱን በመጭመቂያ ያወጣል፤ እርስዋ ግን ቅርፊቱ ወፍራም የሆነውን ፍሬ ያለ መኪና አሸንፋዋለች።

ተክሉ እሾሃም ነው። የወሎ ገበሬ ከጤፍ መካከል ይበትነዋል፤ ወይም ከብት እንዳይገባበት በእርሻው ዳር ይዘራዋል። ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ ዝናም ካቆመ በኋላ በቀረው እርጥበት ይበስላል። ገዢውም በገበያ እፍኝ አንሥቶ ነጭነቱንና ሙላቱን ይመረምራል፤ የጨነቈረው ፍሬ ገለባ እንጂ ዘይት የለውምና።

የዘሩ ታሪክ ግን ከወሎ ርቆ ይሄዳል። በጥንታዊት ግብጽ አበባው የጨርቅ ማቅለሚያና የሙታን ጉንጉን ነበረ። በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጐበኘው መስኮባዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎፍ ለሱፍ ሦስት መነሻ አገሮችን ቈጠረ፤ እነርሱም ሕንድ፥ አፍጋኒስታንና ኢትዮጵያ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 የወጣው የዘር ምርመራ መነሻውን ወደ ቅርብ ምሥራቅ መለሰው፤ የኢትዮጵያንም ሱፍ ከግብጹ ጋር በአንድ ወገን መደበው። አንድ ወንዝ የሚጠጡ አገሮች ዘራቸው ቢዛመድ የሚያስደንቅ አይደለም።

የሚያሳዝነው የስሙ ነገር ነው። ፊቱን ወደ ፀሐይ የሚያዞረው ትልቁ ቢጫ አበባ ትውልዱ ከአሜሪካ ነው፤ የዘይት እህል ሆኖ የከበረውም በቫቪሎፍ አገር በመስኮብ ነው። ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ፍሬው ስለሚቀራረብ ይመስላል፥ «የፈረንጅ ሱፍ» ተባለ። ቈይቶም «የፈረንጅ» የሚለው ቃል ወደቀ። ዛሬ በወልድያ ሱቆች «የሱፍ ዘይት» ተብሎ በጠርሙስና በጀሪካን የሚሸጠው የዚያ የእንግዳው አበባ ዘይት ነው፤ ብዙ የከተማ ሰውም የእናቱ ሱፍ ዘይት መስሎት ይገዛዋል። ለፍትፍት የሚሆነውን ፍሬ የሚሻ ሰው ግን አሁን «የሐበሻ ሱፍ» ብሎ መጠየቅ ግድ ሆኖበታል።