የቤተሰብ ፊልም ዲስኮችን ወደ ታብሌት ማዛወር (በድሬዳዋ)

የቤተሰብ ፊልም ዲስኮችን ወደ ታብሌት ማዛወር ማለት፣ ሰርግ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ምረቃ፣ ሙት ዓመትና ይህን የመሰለው የቤት ጉዳይ ሁሉ በቪዲዮ ተቀርጾ በቪሲዲ ወይም በዲቪዲ ላይ የሰፈረውን ምስልና ድምፅ በኮምፒዩተር አንብቦ፣ ያለ ዲስክ ማጫወቻ በእጅ ተይዞ በሚታይ ታብሌት እንዲከፈት አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ጥቃቅን የእጅ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን የቤተሰብ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቅጂ በላይ ስለማይኖረው፣ የካሜራው ካሴትም በቀራጩ ዘንድ ሌላ ሰርግ ተቀርጾበት ሊሆን ስለሚችል፣ ዲስኩ የጠፋ ዕለት በላዩ ያሉት አረጋውያን ድምፅና መልክ ዳግመኛ አይገኝምና፣ ሥራው ከጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ቅጂ ጋር የሚተካከል ጥንቃቄ ይገባዋል።

ድሬዳዋ በዚህ ረገድ ልዩ ታሪክ አላት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚያ ሥፍራ ደርሶ ከተማይቱን ከመሠረታት ጀምሮ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ወደ መሐል አገር ከመዝለቁ አስቀድሞ በእርሷ በኩል ያልፍ ነበርና፣ የራዲዮ፣ የቴፕ፣ የዴክና የካሜራ ነገር ለነዋሪው እንግዳ አልነበረም። ታይዋን ተብሎ የሚጠራው ገበያ በኤሌክትሮኒክስ ሸቀጥ ስሙ የታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላም በኩል ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪውና ጉራጌው ተጎራብቶ በሚኖርባቸው በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች፣ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህም ወዲያም፣ የአንዱን ሰርግ ሌላው ታድሞ በአንድ ቪዲዮ ውስጥ ሦስትና አራት ልሳን የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህም እነዚህ ዲስኮች የየቤቱ መታሰቢያ ከመሆናቸው በላይ የከተማይቱ አኗኗር ምስክሮች ናቸው።

የአገራችን የቤተሰብ ቪዲዮ በመጀመሪያ በዴክ ካሴት ነበር የሚቀመጠው። የቪሲዲ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1993፣ የዲቪዲ ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ተደንግገው፣ የዲቪዲ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1996 ኅዳር ወር በጃፓን ለገበያ ከቀረበ በኋላ፣ የዲስክ መጻፊያ ያለው ኮምፒዩተር እየረከሰ ሲሄድ የእኛዎቹም ፎቶ ቤቶች ካሴቱን ትተው፣ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ከፋሲካም በኋላ በሚያዝያና በግንቦት የሚቀርጹትን ሰርግ ሁሉ በባዶ ሲዲ፣ ቀጥሎም በባዶ ዲቪዲ ላይ ራይት እያደረጉ፣ የሙሽሮቹን ሥዕል በፊቱ አትመው ማስረከብ ጀመሩ። ቪሲዲ በአንድ ዲስክ 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ፣ ተክሊሉ በአንደኛው፣ ድግሱ በሁለተኛው፣ መልሱ በሦስተኛው ዲስክ ሆኖ የሚገኝበት ምክንያት ይህ ነው። ታብሌት በሰፊው የታወቀው አይፓድ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣ ወዲህ ሲሆን፣ ዲስክ የሚገባበት አፍ የሌለው መሣሪያ ነውና፣ ቤተሰቡ ያጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከዐይን ራቀ፤ ማጫወቻው በተበላሸበት ቤት ዲስኩ የቡፌ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል።

የዲስኩን ባሕርይ ጠንቅቆ ማወቅ ለሥራው መጀመሪያ ነው። ቪሲዲም ሆነ ዲቪዲ 12 ሳንቲሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክብ ፕላስቲክ ሆኖ፣ በፋብሪካ የሚታተመው ዲስክ ጥቃቅን ጎድጓዶች ሲኖሩት፣ ፎቶ ቤት ራይት የሚያደርገው ግን በጨረር ኃይል መልኩ የሚለወጥ ስስ ቀለም ተቀብቶበታል። ይህ ቀለም በፀሐይ ብርሃንና በሙቀት ይደክማል። ድሬዳዋም ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ብቻ ያለች የቆላ ከተማ ናትና፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት በመስኮት አጠገብ ወይም በቴሌቪዥኑ ራስ ላይ ተደርድሮ የሚውል ዲስክ በደጋ አገር በሣጥን ውስጥ ከሚኖረው ይልቅ ቶሎ ቢያረጅ አያስደንቅም። ደግሞም በሁለቱ ዐይነቶች መካከል ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ፤ ይኸውም የሲዲ መረጃ የተቀመጠው ከጽሕፈቱ ፊት በታች፣ በስስ ቀለም ብቻ ተሸፍኖ ስለ ሆነ በላይ በኩል በእስክሪብቶ ጫፍ የተጫረ ሲዲ ፈጽሞ የማይድን ሲሆን፣ የዲቪዲው ግን በሁለት የፕላስቲክ ገጾች መካከል ተሰውሮ ስለሚገኝ ከላይ ለመጣበት ጭረት ይታገሣል። ዲስኩን በመብራት ፊት አንሥቶ መመልከት ብዙ ያስረዳል፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች የታዩበት ሲዲ አንጸባራቂው ገጽ እየተላጠ ነውና ተራ ሳይጠብቅ በቅድሚያ ሊገለበጥ ይገባዋል።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች በሞቱበትና ብዙ ቤቶች ከነንብረታቸው በተወሰዱበት ጎርፍ ጊዜ የታየው መከራ፣ በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ መታሰቢያ ምን ያህል ኀላፊ እንደ ሆነ ያስተምራል። የዝውውሩ ታላቅ ጥቅምም በዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ከዲስክ የወጣ ምስል በታብሌቱ፣ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ በሌላ ከተማም ባለ ዘመድ እጅ ሊገኝ ይችላልና።

አሠራሩ ከጽዳት ይጀምራል። የድሬዳዋ አቧራ ያረፈበትን ዲስክ በደረቅ ጨርቅ ማሸት አሸዋውን በላዩ ላይ መጎተት ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ በቀጥታ መጥረግ ይገባል፤ ዙሪያውን እየዞሩ መጥረግ ግን የሚያደርሰው ጭረት ጨረሩ በሚጓዝበት መሥመር ላይ ስለሚወድቅ፣ ስሕተትን በራሱ የሚያርመው የዲስኩ ሥርዓት ሊያድሰው ከሚችለው በላይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዲስኩን ዲቪዲ ራይተር ባለው ላፕቶፕ፣ ይህ ከሌለም በዩኤስቢ በሚሰካ የውጭ ማንበቢያ ማስገባት ነው። በአንዳንድ የእጅ ካሜራዎች የተቀረጹት ትናንሾቹ 8 ሳንቲሜትር ዲስኮች ግን በሚጎትት ጠባብ አፍ ውስጥ ቢገቡ ተሰንቅረው ስለሚቀሩ፣ መሳቢያው ወደ ውጭ በሚወጣና በመካከሉ ማስቀመጫ ባለው ማንበቢያ ብቻ ሊነበቡ ይገባል።

የተከፈተው ዲቪዲ ቪዲዮ ቲኤስ የሚባል ፎልደር ያሳያል፤ በውስጡም እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት የማይበልጡ የቪኦቢ ፋይሎች በተራ ቁጥር ተከታትለው ይገኛሉ። ቪሲዲ በሆነ ጊዜ ደግሞ ፊልሙ የሚገኘው ኤምፔግ ኤቪ በሚባለው ፎልደር፣ ዳት የሚል ቅጥያ ባለው ፋይል ውስጥ ነው። አንድ ሰርግ ለስንት ፋይል እንደ ተከፋፈለ ያላወቀ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ገልብጦ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል፤ ሙሽራይቱም ከቤቷ ሳትወጣ ፊልሙ ያልቃል። ስለዚህ የዚህ መጣጥፍ ዋና ምክር ይህ ነው፦ ማንኛውም የማሳነስ ሥራ ሳይጀመር አስቀድሞ ዲስኩ እንዳለ፣ ከነሙሉ ፎልደሩ፣ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ ያም ሳይነካ ይቀመጥ። ለታብሌት የሚሆነው ትንሽ ቅጂ ከእርሱ ይወጣል እንጂ ከዲስኩ በቀጥታ አይወጣም። በሱቅ ቸኩሎ ኮንቨርት የተደረገ ፊልም ምስሉ ደብዝዞ ሲገኝ የሚመለሱበት ንጹሕ ቅጂ የሚኖረው በዚህ መንገድ ብቻ ነውና። ዲስኩ በመካከል አልነበብ ቢል፣ የተበላሸውን ሥፍራ ዘልሎ ጤነኛውን አስቀድሞ የሚሰበስብ፣ ኋላም ወደ ተወው እየተመለሰ የሚሞክር የመረጃ ማዳኛ ፕሮግራም አለ፤ አንዱ ማንበቢያ እንቢ ያለውን ዲስክ ሌላው አንብቦት መገኘቱም የተለመደ ነው። ኮምፒዩተሩ ዲስኩን ፈጽሞ ባዶ ነው ካለ፣ ቀራጩ የመጨረሻውን መዝጊያ ሳያደርግለት ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ጠፋ ብሎ ከመጣል በፊት በቀረጸው መሣሪያ ላይ መልሶ መዝጋት ይሞከራል።

የማሳነሱን ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ጥቂት አይደሉም፤ በነፃ ከሚገኙት አንዱ ሃንድብሬክ ነው። በኤምፔግ 2 ሥርዓት የተጻፈውን የዲቪዲ ምስል እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ወጣው ኤች 264 መልሶ በኤምፒ4 ማኅደር ያስቀምጠዋል። 4.7 ጊጋባይት ከሚይዝ ዲቪዲ የወጣ የ2 ሰዓት ሰርግ በሴኮንድ 1.5 ሜጋቢት ሲሰፍር 1.35 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለቤት ቪዲዮ የሚበቃ ልክ ነው። ትልልቅ ፋይል የሚወድም ሰው የታብሌቱ ሚሞሪ ካርድ 32 ጊጋባይትና ከዚያ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል እንደማይቀበል ይወቅ። የቪሲዲ ምስል ግን ከመነሻው 352 በ288 ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ፣ ማስፋት ፋይሉን ከማክበድ በቀር ምንም አይጨምርለትም፤ እንዳለ መተው ይሻላል።

በዚህ ክፍል የሚፈጸሙት ስሕተቶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ዐይንን ወይም ጆሮን ይጎዳሉ። አንደኛው የመሥመር ነገር ነው። የቀድሞው ካሜራ እያንዳንዱን ምስል በአንድ ጊዜ አይሥልም፤ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መሥመሮች አስቀድሞ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን አስከትሎ ይሥላል። በቆየው ቴሌቪዥን ይህ አይታወቅም፤ በታብሌት ግን ሁለቱ ግማሾች ባንድነት ስለሚታዩ፣ እስክስታ የሚመታው ሰው ትከሻ ዳርና ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰንጥቆ ይወጣል። መሥመሮቹን የሚያዋሕደውን ምርጫ ማብራት ፈውሱ ነው፤ ሳይበራ የተቀየረ ፊልም በኋላ ቢታረምም እንደ ቀድሞው አይጠራም። ሁለተኛው የመልክ መጥበብ ነው፤ የዲቪዲ ምስል 720 በ576 ነጥብ ሆኖ ሳለ የሚታየው ግን በ4 ለ3 ወይም በ16 ለ9 ልክ ነውና፣ ይህ ካልተጠበቀ የሰው ፊት ከተፈጥሮው ይቀጥናል። ሦስተኛው የድምፅ ነው። አንዳንድ ታብሌቶች የዲቪዲውን ኤሲ3 ድምፅ ስለማያነቡ ምስሉ እየሄደ ድምፁ ዝም ይላል፤ ወደ ኤኤሲ መለወጥ ይበቃዋል። ሆኖም ለቦታ ሲባል ድምፁን እጅግ ማሳነስ አይገባም፤ በቤተ ክርስቲያን በተቀረጸ ተክሊል ወይም የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሲከበር በተቀዳ ቪዲዮ ላይ፣ አስቀድሞ የሚበላሸው ረቂቁ የጸናጽል ድምፅ ነው።

በውጭ አገር የሚኖሩ የድሬዳዋ ልጆች የሚልኩት ዲስክ የራሱ ጠባይ አለው። በአሜሪካና በካናዳ የተቀረጸው በኤንቲኤስሲ ሥርዓት 720 በ480 ነጥብ ሆኖ በሴኮንድ 30 ገደማ ምስል ሲያሳይ፣ የአገራችን በፓል ሥርዓት በሴኮንድ 25 ምስል ያሳያል። ይህ ልዩነት ለቀድሞው ቴሌቪዥን ከባድ እንቅፋት ሲሆን ለታብሌት ግን ምንም አይደለም፤ ስለዚህ አንዱን ወደ ሌላው ፍጥነት መለወጥ እንቅስቃሴውን ከማንገጫገጭ በቀር ጥቅም የለውም።

ሥራውን በሱቅ ማሠራት ይቻላል፤ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ወጣቶች ከዚህ የሚበልጠውን ያውቃሉ። ነገር ግን ዲስክን ለሌላ ሰው መስጠት የቤትን ምሥጢር አደራ መስጠት መሆኑ አይዘንጋ። በብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ሴቶች ለብቻቸው ተሰብስበው የተደሰቱበት የሰርግ ክፍል ለባዕድ ወንድ ዐይን የተፈቀደ አይደለምና፣ እንዲህ ያለውን ዲስክ በቤት ውስጥ፣ ከቤተሰቡ በአንዲት ኮምፒዩተር በምታውቅ ልጅ እጅ ማዛወር ከሁሉ የተሻለ ነው፤ በሱቅ የተሠራ እንደ ሆነም ፋይሉ ከሱቁ ኮምፒዩተር ሲደመሰስ ቆሞ ማየት ነውር የለበትም። በሕግ በኩል የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም የሚደረግን ነጠላ ቅጂ ይፈቅዳል፤ ከገበያ የተገዛን ፊልም አባዝቶ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

የተዛወረው ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታይቶ፣ ምስሉና ድምፁ ሳይለያዩ መሄዳቸው ከተረጋገጠ በኋላ ስም ይወጣለታል። ታብሌት ፋይሎችን በቁጥር ቅደም ተከተል ስለሚያሰልፍ፣ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን አስቀድሞ፣ የበዓሉን ዐይነትና የዲስኩን ተራ አስከትሎ መጻፍ ይጠቅማል። በምስሉ ጥግ ላይ የሚታየው የካሜራው ቀን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆን በዲስኩ ልባስ ላይ በእጅ የተጻፈው እንደ እኛ ስለሚሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ለልጅ ልጆች ግራ እንዳይሆን፣ ከቁጥሩ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ ይጻፋል።