የማቆሚያ ርቀት፦ አደጋውን ካየን በኋላ ስንት ሜትር?

መኪና ፍሬን በተረገጠበት ቦታ አይቆምም። ሾፌሩ አደጋውን ካየበት ቅጽበት አንስቶ መኪናው ቀጥ እስኪል ድረስ የሚሄደው መንገድ በእንግሊዝኛ «ስቶፒንግ ዲስታንስ» ይባላል፤ በአማርኛ «የማቆሚያ ርቀት» እንበለው።

ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው «የምላሽ ርቀት» ነው፤ ዓይን አይቶ፣ እግር ከነዳጅ ተነስቶ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ የሚታለፈው። ንቁ ሾፌር እንኳ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ የሚታለፈው ደግሞ «የፍሬን ርቀት» ነው።

በጀርመን የመንጃ ፈቃድ ተማሪዎች የሚማሩት ስሌት ወረቀትም አይፈልግም። ፍጥነቱን ለ10 አካፍሉ። የተገኘው በ3 ሲባዛ የምላሽ ርቀት፣ በራሱ ሲባዛ የፍሬን ርቀት በሜትር ይወጣል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 15 እና 25፣ በድምሩ 40 ሜትር ማለት ነው። ለ60 ደግሞ 18 እና 36፣ ድምሩ 54 ሜትር። በ100 ለሚበርማ 130 ሜትር ነው፤ ከኳስ ሜዳ ርዝመት ይበልጣል።

«አሥር ብጨምር ምን አለበት» የሚል ሾፌር ይህን ያስብ። ሰው ለማውረድ ከቆመ ሚኒባስ ፊት ለፊት ልጅ ሮጦ ወጣ፤ ከሚመጣው መኪና ያለው ርቀት 42 ሜትር ነው። በ50 ይነዳ የነበረው ሁለት ሜትር ሲቀረው ይቆማል። በ60 የመጣው ግን ፍሬኑን ረግጦም ቢሆን፣ ገና በ35 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ልጁ ላይ ይደርሳል።

ስሌቱ ለደረቅ አስፋልትና ለተለመደ አረጋገጥ ነው። በሙሉ ኃይል ሲረገጥ የፍሬን ርቀቱ በግማሽ ያህል ያጥራል። ዝናብ፣ ያለቀ ጎማ፣ ኮረኮንችና ቁልቁለት ግን ያረዝሙታል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ፍሬን እየተረገጠ ከጋለ የመያዝ አቅሙ ይደክማል፤ በከባድ ማርሽ መውረድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስልክስ? በ60 እየነዳ ለሁለት ሰከንድ ስልኩን ያየ ሰው 33 ሜትር ሳያይ ሄዷል። ይህ በ54ቱ ላይ ይደመራል፤ 87 ሜትር።