ነጭ ፀጉር የሚበቅልበት ጀርባ

ገጣባ የሚለውን ቃል ከተማ ያደገ ሰው ላያውቀው ይችላል። ኮርቻ ወይም ጭነት የላጠው የጋማ ከብት ጀርባ ማለት ነው። ሲሰሙት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ስንቱን ፈረሰኛ ጦር በእግሩ ያስቀረ ቁስል ነው።

ይህን ቁስል ቁም ነገር ብለው ካጠኑት አንዱ ፍሬድሪክ ስሚዝ ነው። የእንግሊዝ ጦር የእንስሳት ሐኪም ነበር። በ1891 እ.ኤ.አ. ስለ ኮርቻና ስለ ጀርባ ቁስል ብቻ የሚያወራ መጽሐፍ አሳተመ። አንድ ሙሉ መጽሐፍ ለዚህ? አዎ፤ ምክንያቱም ቁስሉ ዕድል ሳይሆን ጥፋት ነው፤ ምክንያት አለው፤ መከላከልም ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮርቻው አንድ ቦታ ላይ ሲጫን እዚያ ያለው ሥጋ ደም ያጣል። እኛ የምናየው የተላጠውን ቆዳ ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሥር ነው። ደግሞ ኮርቻ ለወፍራም ፈረስ ልክ ከሆነ ለከሳው ልክ አይሆንም። ፈረሱ ዘመቻ ላይ ሲከሳ ጀርባውን የሸፈነው ሥጋ ይሟሽሻል፤ ኮርቻው ዝቅ ይልና አከርካሪው ላይ ያርፋል። ስለዚህ የገጣባ ታሪክ የረሃብም ታሪክ ነው።

ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው የቦር ጦርነት ይህን በጭካኔ አሳየ። ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጡ ፈረሶች አገሩን ሳይለምዱ፣ ሳያርፉ ወደ ግንባር ተነዱ። ከእንግሊዝ ወገን ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ፈረሶች አለቁ። አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት አይደለም፤ ድካም፣ ረሃብና በሽታ ነው። የጀርባ ቁስልም ስንቱን ከጥቅም ውጭ አደረገ። በ1905 በፖርት ኤልዛቤት ለእነዚህ ፈረሶች ሐውልት ቆመላቸው፤ አንድ ወታደር ተንበርክኮ ለፈረሱ በባልዲ ውኃ ሲያቀርብ ያሳያል።

ታዲያ የገጠበ ፈረስ እንዴት ይድናል? መልሱ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ነው ሰው የሚንቀው። ኮርቻው ይወርዳል፣ አይመለስም። ቁስሉ በንጹሕ የጨው ውኃ ይታጠባል፣ ከዝንብ ይጠበቃል። ፈረሱ ይበላል፣ የከሳው ጀርባ ሥጋ ይለብሳል። ከዚያ ይጠበቃል፤ እንደ ቁስሉ ጥልቀት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት። ላዩ ስለደረቀ ብቻ ድኗል ብሎ የሚቸኩል ሰው ከዜሮ ይጀምራል። ሲጫንም ያው የላጠው ኮርቻ እንዳለ አይመለስም፤ መጀመሪያ ይስተካከላል። ፈረሱን አክሞ ኮርቻውን መተው ምን ዋጋ አለው?

ጦር ግን ወራት የለውም። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ከቁስሉ በፊት የሚደረገው ነው፦ መውረድ። እንግሊዞች ከደቡብ አፍሪካ ይህን ተምረው ተመለሱ። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ፈረሰኞቻቸው በየጊዜው እየወረዱ ፈረሳቸውን እየሳቡ በእግር ይሄዱ ነበር። በዚያው ወር የጄኔራል ሶርዴ የፈረንሳይ ፈረሰኞች ቤልጂየም ውስጥ ረጅም መንገድ ሲጓዙ ከኮርቻ መውረዱን አልለመዱትም። ከፈረሶቻቸው ጀርባ የሚወጣው የቁስል ሽታ ከሩቅ ይሰማ እንደነበር ያዩዋቸው ጽፈዋል። ሁለት አጋር ጦር፣ አንድ ዓይነት እንስሳ፣ አንድ ዓይነት ሙቀት። ልዩነቱ ማን ወረደ የሚለው ነበር።

የዳነ ገጣባ ምልክት ይተዋል። ቁስሉ የነበረበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል፤ ቀለም የሚሰጠው ሥር ተጎድቷልና። ቡናማ ወይም ጥቁር ፈረስ ስታዩ፣ ኮርቻ በሚያርፍበት ጀርባው ላይ ነጭ ጠብታ ካለ፣ ውበት ነው ብላችሁ አትለፉት። ምናልባት አንድ ሰው መውረድ ሲገባው ያልወረደበት ቀን ይሆናል። ፀጉር መብቀሉ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል፤ በኋላ የወረደና የጠበቀ ሰውም ነበረ።