ከማሰራጫዎች የጠፉ የአገር ፊልሞች እና የቤት ውስጥ የፊልም ማኅደር አያያዝ

በመቀሌ ከተማ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ዛሬ ማታ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተሰኘውን ፊልም ከቤተሰቡ ጋር ለማየት ቢሻ፣ ታላላቆቹ ዓለም አቀፍ የበይነ መረብ ፊልም ማሰራጫዎች አያቀርቡለትም። ኔትፍሊክስ በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ለኢትዮጵያም አገልግሎቱን የከፈተ ቢሆንም፣ በ1957 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው ይህ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረጅም የልብ ወለድ ፊልም በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያው ተመልካች በዚያው ዓመት የተሠራ የአሜሪካ ፊልም ቢፈልግ ግን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ፊልም ጠፋ ሲባል የሚባለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ጥቅሉ ተበላሽቶ፣ ተቃጥሎ ወይም ተጥሎ በእርግጥ ከምድር ይጠፋል። የሚበዛው ግን አንድ ቦታ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ለተመልካች የማይደርስ ነው። የኢትዮጵያ ፊልሞች ችግር በአመዛኙ ሁለተኛው ሲሆን፣ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ይለወጣል።

ኢላላ ኢብሳ የጻፈውና ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ያዘጋጀው «ሂሩት አባቷ ማነው?» በጥቁርና ነጭ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል ፊልም የተቀረጸ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም.፣ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን በቀለም ሠራ። ዛሬ በየዓመቱ ስለሚሰጠው የጉማ ፊልም ሽልማት የማያውቅ የፊልም ወዳጅ የለም፤ ሽልማቱ ስሙን የወሰደበትን ፊልም ከዳር እስከ ዳር ያየ ወጣት ግን ጥቂት ነው። በ1984 ዓ.ም. የወጣው የሰሎሞን በቀለ ወያ «አስቴር»ም ዕጣው ከዚህ የራቀ አይደለም። እንዲህ ያሉ የጥቅል ፊልሞችን ለማሳየት ልዩ ማሽን፣ ለመጠበቅ ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ያስፈልጋል። ወደ ዲጂታል ለመቀየር የሚጠይቁት ወጪም ከአንድ ቤተሰብ ይቅርና ከአንድ ፊልም ሠሪ አቅም በላይ ነው።

የኃይሌ ገሪማ ሥራዎች ታሪክ ይህን ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያስረዳል። በጎንደር የተወለደውና ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኃይሌ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1966 ዓ.ም. የአብዮቱ ማዕበል በተነሳበት ወቅት አገር ቤት መጥቶ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ጥቅል ቀረጸው። ፊልሙ ስለ አንድ ጭሰኛ ገበሬ ቤተሰብና ስለ ባለ ርስቱ ጌታ ነው። የእርሻውን ሥራ፣ በሬውን፣ የሩቁን መንገድ በትዕግሥት የሚያይ በመሆኑ፣ ማንም አርሶ አደር ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ሥራ ነው። የዳነው ግን በአገሩ አልነበረም። አሜሪካዊው ፊልም ሠሪ ማርቲን ስኮርሴዚ በመሠረተው የፊልም ጥበቃ ድርጅት ድጋፍ፣ በጣልያን ቦሎኛ ከተማ በሚገኝ የፊልም ማኅደር ታድሶ ነው ዳግም ለዓለም የታየው።

«ሳንኮፋ» ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዷል። በ1993 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ሲያልቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበልም አሉት። ኃይሌና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ በዋሽንግተን ዲሲ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፍተውም ቅጂውን ከእጅ ወደ እጅ ሸጡት። ፊልሙ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ በተመረጡ አገሮች የቀረበው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከል ያለፉት 28 ዓመታት የፊልሙ ሕይወት በመደብሩ መደርደሪያና በገዢዎች ቤት ውስጥ ባሉ ካሴቶችና ዲስኮች ላይ የተመሠረተ ነበር። ሠሪው ቅጂውንም መብቱንም ለሌላ አሳልፎ ስላልሰጠ፣ ዕድሉ በመጣ ጊዜ የሚታደስ ነገር ተገኘ።

አብዛኛው የአገር ቤት ፊልም ሠሪ ይህን ያህል አቅም አልነበረውም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ በቪዲዮ ካሴት፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ በዲጂታል ካሜራ የተሠሩት ፊልሞች፣ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሰሉት ሳይቀሩ፣ የተወለዱት ጥቅል ፊልም ሳይኖራቸው ነው። ኦሪጅናላቸው አንድ የቪዲዮ ካሴት ወይም አንድ ሃርድ ዲስክ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ፕሮዲውሰሮች ሕገ ወጥ ቅጂን በመፍራት ፊልማቸውን በሲዲ ለማውጣት ይዘገዩ ነበር፤ በሲኒማ ቤት ወራት ቆይቶ ለገበያ ሳይወጣ የቀረ ፊልም አለ። ማሰራጫዎች አንድን ፊልም ለመቀበል የመብቱን ባለቤት በሰነድ ማወቅ ይፈልጋሉ። ሥራው በቃል ስምምነት ተጀምሮ፣ ፕሮዲውሰሩ ከአገር ወጥቶ ወይም አርፎ፣ የሙዚቃው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ይህን ሰነድ ማቅረብ አይቻልም። ዩቲዩብ ላይ የሚገኙትም ቢሆኑ በክፍል በክፍል የተቆራረጡ፣ ምስላቸው የደበዘዘ ወይም የጫናቸው ሰው ገጹን ሲዘጋ አብረው የሚጠፉ ናቸው።

ለትግራይ ነዋሪ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ወቅት የስልክ፣ የኢንተርኔት፣ የባንክና የኤሌክትሪክ አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ደረጃ በደረጃ መመለስ የጀመረውም ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ በበይነ መረብ ላይ የተቀመጠ ፊልም፣ ዘፈን ወይም የልጅ ፎቶግራፍ ሁሉ ለባለቤቱ እንደሌለ ያህል ነበር። በእጅ የነበረው በስልክ፣ በፍላሽና በሃርድ ዲስክ የተያዘው ብቻ ነው። ሰላም በሆነ ቀንም ቢሆን ለውጭ ማሰራጫ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል የባንክ ካርድ ያለው ሰው ብዙ አይደለም።

የመቀሌ ምስል ከመቀሌ ርቆ መቀመጡ በነገራችን ላይ አዲስ ነገር አይደለም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ካሜራ ማን መሐመድ አሚን ከቆረምና ከመቀሌ የቀረጸውና ዓለምን ያነቃነቀው የድርቅ ምስል ዛሬም የሚገኘው በውጭ የዜና ድርጅቶች ማኅደር ውስጥ ነው።

ከየት ይጀመራል

የቤት ውስጥ የፊልም ማኅደር ሲባል ብዙ ሰው አዲስ ዕቃ መግዛት ይመስለዋል። ሥራው የሚጀምረው ግን በየቤቱ አልጋ ሥርና ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የሚጠጣውን በመሰብሰብ ነው። የቪዲዮ ካሴት፣ ሲዲ፣ ዲቪዲ፣ የሠርግና የተዝካር ቀረጻ፣ ከውጭ ዘመድ የላከው ጥቅል ሁሉ ይወጣል። ከእነዚህ ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጠው ለካሴት ነው፤ መግነጢሳዊው ሪባን በዕድሜ ይደክማል፣ ማጫወቻው ዴክም ከገበያ ወጥቷል። የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ የመጨረሻውን ዴክ ሠርቶ ማምረት ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነበር። ስለዚህ የሚሠራ ዴክ ያለው ጎረቤት ወይም ጥገና ቤት ካለ፣ ዛሬውኑ መጠቀሙ ይሻላል።

ካሴቱ ከመጫወቱ በፊት በመስኮቱ በኩል ሪባኑን ማየት ያስፈልጋል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ከታየበት በፍጹም ዴክ ውስጥ አይገባም፤ ሻጋታው ሪባኑን ከመበጠሱም በላይ የዴክን ራስ አበላሽቶ ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴት ይዛመታል። ንጹሕ ከሆነ እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይጠቀለላል። ከዚያ ዴኩን ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ አነስተኛ የቪዲዮ መቅጃ አማካይነት በራሱ ፍጥነት እየተጫወተ ይቀዳል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። ከአሜሪካ የመጡ ካሴቶች ብዙዎችን ያሳስታሉ። በካሴት ዘመን ኢትዮጵያና አብዛኛው አውሮፓ ፓል የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ሲጠቀሙ አሜሪካ የምትጠቀመው ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ.ን ነበር፤ ካሴቱ ያለ ቀለም ወይም እየተንቀጠቀጠ ከታየ ተበላሽቷል ብሎ ከመጣል በፊት ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ መፈለግ ይገባል።

ሲዲና ዲቪዲ ቀለል ይላሉ። በ1990ዎቹ የወጣ አንድ የአማርኛ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሲዲ የተከፈለው፣ አንዱ ሲዲ ከ80 ደቂቃ ያልበለጠ ምስል ስለሚይዝ ነው፤ ሁለቱን ገልብጦ በአንድ ፋይል ማያያዝ ይቻላል። የተቧጨረ ዲስክ አንድ ኮምፒውተር ባያነበው ሌላው ሊያነበው ይችላልና በሁለት በሦስት ማሽን መሞከር ይበጃል። በቤት ውስጥ የተቀዱ ዲስኮች በፋብሪካ ከታተሙት ቀድመው ስለሚሞቱ ወረፋቸው ከፊት ይሁን።

ማስቀመጥና ማጫወት

አንድ ቴራባይት የሚይዝ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ፣ እያንዳንዱ ፊልም አንድ ተኩል ጊጋባይት ያህል ቢወስድ፣ ከ600 በላይ ፊልሞችን ይይዛል። መጠኑ በኪስ ይገባል፤ ሰው ቤቱን ጥሎ በሚወጣበት ክፉ ቀን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻ መያዝ ከምንም አይቆጠርም፤ ሁሉም አንድ ቀን ይበላሻል። በዓለም ላይ ያሉ የማኅደር ባለሙያዎች የሚመክሩት ሦስት ቅጂ እንዲኖር፣ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ዕቃ ላይ እንዲሆኑ፣ አንዱም ከቤት ውጭ እንዲቀመጥ ነው። ቀዳማይ ወያነ የሚኖር ቤተሰብ አንዱን ቅጂ ኲሓ ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ቢሰጥ ይህን ያሟላል። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለዘላቂ ማከማቻ አይታመንም፤ ለዓመታት ሳይሰካ ከቆየ የያዘውን ሊረሳ ይችላል። ሃርድ ዲስክም ቢሆን በየጥቂት ወሩ እየተሰካ መፈተሽ አለበት።

የፋይሉ ስም ቸል የሚባል ነገር ቢሆንም ማኅደሩ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው በእርሱ ነው። የፊልሙ ርዕስ፣ የተሠራበት ዓመት (ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑ ተለይቶ)፣ የአዘጋጁ ስም እና የተቀዳበት ዕቃ ዓይነት ቢጻፍ መልካም ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር የግዕዝ ፊደል ስለማያነብ በላቲን ፊደልም መድገም ያስፈልጋል። አሮጌ ሪሲቨሮች የሚያነቡት ፋት 32 በሚባል አደረጃጀት የተዘጋጀ ፍላሽን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ከአራት ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ፊልሙ ትልቅ ሆኖ አልጫን ካለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ለማጫወት ውድ ነገር አያስፈልግም። ቪ.ኤል.ሲ. የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያልተለመዱ የፋይል ዓይነቶችን ሳይቀር ይከፍታል። ከፍ ላለ አገልግሎት ጄሊፊን የሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ በቤቱ ዋይፋይ ፊልሞቹን ወደ ስልክና ቴሌቪዥን ያሰራጫል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። የላፕቶፑ ባትሪ ደህና ከሆነና ዋይፋዩም ካልተቋረጠ መብራት ሲጠፋም የተጀመረው ፊልም በስልክ ይቀጥላል። በገጠር በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አነስተኛ ቴሌቪዥን ያለው አርሶ አደር ደግሞ ሁሉንም ትቶ ፍላሹን በቀጥታ ቢሰካ ይበቃዋል፤ ዋናውን ቅጂ ከተማ ያለ ልጁ ወይም ዘመዱ ይያዝለት። የኃይል መዋዠቅ ባለበት ሰፈር በሚቀዳበት ጊዜ ሃርድ ዲስኩን ባትሪ ካለው ላፕቶፕ ጋር ማያያዝ ብዙ ጉዳት ያስቀራል።

ሕጉ ምን ይላል

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ለሕዝብ የቀረበን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል፤ ፈቃዱ ግን የሥራውን መደበኛ ገበያ እስከሚጎዳ ድረስ አይሄድም። የገዙትን ካሴት በቤት ውስጥ ወደ ፋይል መቀየርና ያንኑ ፋይል በየመንደሩ በፍላሽ እየጫኑ መሸጥ ስለዚህ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ፊልም በፍላሽ እየጫኑ ገንዘብ መቀበል የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። አገራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ ወመዘክር፣ የድምፅና የምስል ሥራዎችን ጭምር የመሰብሰብ ኃላፊነት አለበት፤ ብርቅ የሆነ ነገር የተገኘበት ቤተሰብ ሊያማክረው ይችላል።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን የፊልሙ ሠሪ ነው። የራሱን ፊልም ኦሪጅናል ያጣ ፕሮዲውሰር አለ፤ በመቀሌ የትግርኛ ፊልም ሲሠሩ ቆይተው ንብረታቸው በጦርነቱ ለተበተነባቸው ባለሙያዎችም ይህ የቅርብ ነገር ነው። ብርቅ ካሴት ወይም ዲስክ ያለው ሰው ሠሪውን ወይም ወራሾቹን አፈላልጎ ንጹሕ ቅጂ ቢሰጣቸው፣ ፊልሙን ወደ ማሰራጫ የመመለስ መብት ያላቸው እነርሱ ናቸውና ሥራውን ከዚያ መቀጠል ይችላሉ።